ባለ 1:12 ጎጆ ቤት፦ ምርጉ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳው ይጎብጣል

ጎጆ ወጪ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። በ1:12፣ ማለትም ከእውነተኛው 12 ጊዜ አሳንሼ፣ የገጠር ጎጆ ቤት ሞዴል እየሠራሁ ነው። ውስጡ ሙሉ የቡና ዕቃ ይገባበታል፦ ረከቦት፣ ጀበና፣ ሲኒ፣ መሶብ፣ ከሰል ማንደጃ። የእውነተኛውን ቤት ወርድ 5 ሜትር፣ የግድግዳውን ቁመት 2.20 ሜትር ብዬ ስለተነሣሁ የእኔው 41.7 ሳንቲ ሜትር ወርድና 18.3 ቁመት አለው። ግድግዳው የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ነው፤ ላዩን በጭቃና በጭድ 4 ሚሊ ሜትር ያህል አድርጌ መረግኩት። ሲደርቅ ጭቃው ተሰነጣጥቆ በቁራጭ በቁራጭ ተነሣ፤ ካርቶኑም ጎብጦ ክብነቱ ጠፋ። ጣሪያውን ደግሞ በመጥረጊያ ሳር ጀመርኩት፤ እያንዳንዱ ዘለላ ሸምበቆ ያክላል። ምርጉንና ጣሪያውን ምን ላድርግ? ሲኒና ጀበናውስ በዚህ መጠን ከምን ይሠራሉ? ከሰሉም እንዲግል እፈልጋለሁ።

አናጢው
እህቴ፣ ጭቃ ውሃው ሲወጣ ይኮማተራል፤ ካርቶኑ ግን አብሮት አይኮማተርም። ስለዚህ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይላቀቃል። 4 ሚሊ ሜትር በአንድ ጊዜ ስትመርጊ ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል፤ ያኔ ስንጥቁ አይቀርም። ካርቶኑ የጎበጠው በአንድ ወገን ብቻ ውሃ ስለጠጣ ነው።

ድብልቁን እንዲህ አድርጊው፦ በሻይ ማጥለያ የተነፋ ደረቅ አፈር 3 ማንኪያ፣ እንደዚያው የተነፋ ደቃቅ አሸዋ 2 ማንኪያ፣ ነጭ የእንጨት ኮላ 1 ማንኪያ፤ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረግሽ እንደ ወፍራም እርጎ ሲሆን አቁሚ። ስንጥቁን የሚቀንሰው አሸዋው ነው፤ ኮላ ብቻ ብታበዢ ላዩ ፕላስቲክ መስሎ ያብለጨልጫል። የጤፍ ጭዱን ከ3 ሚሊ ሜትር ሳታስበልጪ በመቀስ ክተፊው። 3 ሚሊ በእውነተኛው ቤት 3.6 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፤ ከዚያ የረዘመ ጭድ ልኬቱን ወዲያው ያጋልጠዋል።

አንዱ ድርብ ከ1 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። የመጀመሪያውን እርጥብ እያለ በሹካ ጫሪው፣ ሁለተኛው እንዲይዝለት። ሌሊቱን ይደር፤ ፀሐይ ላይ አታውጪው፣ በፀጉር ማድረቂያም አትቸኩዪ። ሦስት ድርብ ይበቃዋል። መጨረሻ ላይ የሚቀር ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ አይጎዳም፣ እንዲያውም ያምርበታል። 1 ሚሊ የሚሰፋ ስንጥቅ ግን በሰው ቁመት ሲታሰብ ጣት የሚያስገባ ነው።

ካርቶኑን ከመምረግሽ በፊት ውስጡንም ውጭውንም የዘይት ቫርኒሽ ቀቢው። ጭቃ በቫርኒሽ ላይ ስለማይዝ፣ ሳይደርቅ ደቃቅ አሸዋ ነስንሺበት። ክብነቱን የሚጠብቀው ደግሞ ከ3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ የሚቆረጥ ቀለበት ነው፤ አንዱ ከላይ ከግድግዳው ውስጥ ይጣበቃል፣ ከታች ወለሉ ራሱ ያንን ሥራ ይሠራል። የላይኛው ቀለበት ጣሪያው ስለሚሸፍነው አይታይም።

ስንደዶ
እኔ ካርቶኑን አውጥተሽ ጣዪው ባይ ነኝ። ጎጆ የሚቆመው በእንጨትና በማገር ነው፤ በ1:12ም ይሄው ይሠራል። 12 ሚሊ ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ላይ ክቡን ሥዪ። ዙሪያው 131 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ለበር 7 ያህል ስትተዪ 124 ይቀራል። በየ2 ሳንቲ ሜትሩ 3 ሚሊ ቀዳዳ ብትበሺ ወደ 62 ዘንግ ይገባል። ዘንጉ የጥብስ እንጨት ሊሆን ይችላል። ጫፉን ኮላ ነክረሽ ትከዪ፤ ከዚያ በየ1.5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቀጭን ሲባጎ አንዱን በውስጥ አንዱን በውጭ እያሳለፍሽ ማገሪው። ሲባጎውን አታጥብቂው፤ ካጠበቅሽው ዘንጎቹን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፣ አናቱም ይጠብባል።

ምርጉን ከሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ግፊው፤ በማገሩ መሐል ተገናኝቶ ይቆላለፋል። የእውነተኛው ግድግዳ ውፍረት 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የአንቺው 12 ሚሊ መሆን አለበት፤ የካርቶን ግድግዳ መስኮቱና በሩ ላይ ስስነቱ ይታወቃል። ጉዳቱ ክብደቱ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አንሥቶ ሲያዞረው ይቸገራል።

አናጢው
የስንደዶ መንገድ የተሻለ ነው፣ ጊዜ ካለሽ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የበሩን መቃን ከማገሩ በፊት አቁመሽ ሲባጎውን እሱ ላይ እሠሪው። በኋላ ቆርጬ አስገባለሁ ካልሽ ማገሩ ይላላል።

ቃጫ ፈታይ
ወደ ጣሪያው ልምጣ። የክዳን ሳር ዘለላ ውፍረቱ 2 ወይም 3 ሚሊ ነው፤ በ1:12 ከሩብ ሚሊ አይበልጥም። የመጥረጊያ ሳር ለዚህ አይሆንም፣ ብትሰነጥቂውም አይሆንም። የቃጫ ገመድ ግዢና ፍቺው፤ በማበጠሪያ ስታበጥሪው የሚቀረው ክር ልኩ ነው። አዲስ ቃጫ በጣም ነጭ ስለሆነ በወፍራም ሻይ ዘፍዝፈሽ አድርቂው። ያረጀ ጣሪያ ከፈለግሽ ሻዩ ላይ የቡና አተላ ጨምሪ።

ሾጣጣውን በስሌት ቁረጪው። ጣሪያው ከግድግዳው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣና ከመሐል እስከ ጠርዝ 25 ይሁን፣ ቁመቱ 21፤ ተዳፋቱ 32.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይመጣል። ስለዚህ ከመሐል እስከ ጠርዝ 32.6 የሆነ ክብ ካርቶን ቆርጠሽ 84 ዲግሪ የሚያክል ቁራጭ ታወጪለታለሽ፤ መደራረቢያ 1 ሳንቲ ሜትር መተውሽን አትርሺ። ቁራጩ ካነሰ ጣሪያው ዝርግ ይሆናል፣ ሳር ቤት ደግሞ ዝርግ ጣሪያ የለውም፤ ውሃው አይወርድለትም።

ክዳኑ ከታች ይጀመራል። 5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ስስ ዘለላ፣ አናቱ ላይ ብቻ ኮላ፣ ጫፉ ነጻ። ቀጣዩ ረድፍ 1.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የበፊቱን ኮላ ይሸፍናል። በዚህ ሒሳብ 20 ረድፍ ገደማ ይወጣል፤ ወደ ጫፍ ስትደርሺ ዘለላውን አሳጥሪው። ኮላው እስከ ጫፉ ከወረደ ሳሩ ተጣብቆ ይጠነክርና ምንጣፍ ይመስላል። የእውነተኛ ክዳን ጠርዝ ወፍራም ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ረድፍ ሥር 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ዙሪያውን ለጥፊ። ጠርዙን በመቀስ የምታስተካክዪው ሁሉም ከደረቀ በኋላ ነው። ጉልላቱ ላይ የተገለበጠች ትንሽ ማሰሮ ትቀመጣለች፤ የመጨረሻውን ረድፍ የምትይዘውም የምትደብቀውም እሷ ናት።

ጣሪያውን ከግድግዳው ጋር አታጣብቂው። ምሰሶውም ወለሉ ላይ ብቻ ይተከል፤ ጣሪያው ሲነሣ ውስጡ ይታያል። ሲነሣ ደግሞ ወራጆቹ ይታያሉና ከውስጥ ጥቀርሻ ቅቢያቸው፦ ጥቁርና ቡናማ ቀለም ቀላቅለሽ በደረቅ ብሩሽ፣ ወደ ጫፉ እየጠቆረ። ጭስ ያልነካው ጎጆ ሰው ያልኖረበት ነው የሚመስለው።

ጭዱንም ቃጫውንም ከመጠቀምሽ በፊት በደንብ አድርቂ፤ በላስቲክ ጠቅልለሽ ለጥቂት ቀናት ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ብታሳድሪው ነፍሳት አይፈለፈሉበትም።

ባለ ሸክላ
ሲኒ በ1:12 ቁመቱ 4.5፣ የአፉ ስፋት 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። የእውነተኛው ሲኒ ግድግዳ 3 ሚሊ ቢሆን የአንቺው ሩብ ሚሊ መሆን ነበረበት፤ በእጅ አይቻልም። ግማሽ ሚሊ ላይ አቁሚና ከንፈሩን ብቻ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሳሺው፤ ዓይን የሚያየው ከንፈሩን ነው። ስድስቱን ሁሉ ለየብቻ አትቅረጪ። አንዱን አሳምረሽ ሠርተሽ በሁለት ክፍል ሲሊኮን ቅርጹን አውጪ፤ የተቀሩት እኩል ይሆናሉ።

ጀበናው 2.1 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ ሆዱ 1.2 ይበቃዋል። ሆዱን ጠበቅ ተደርጎ በተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀት ላይ አልብሺው፤ አንገቱ ውስጥ 0.8 ሚሊ ሽቦ ይግባ፣ አለበለዚያ እጀታውን ስታያይዢ ይጎብጣል። ፖሊመር ሸክላ (በምድጃ ሙቀት የሚጠነክር የፕላስቲክ ሸክላ) ከሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሙቀት ያዢ፤ ብዙውን ጊዜ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ ከመጠን ካለፈ ያራል፣ ጭሱም ጉሮሮ ይከረክራል። ውታፉን ከቃጫ፣ ማቶቱን ከተጠቀለለ ክር ሥሪ። ማቶት የሌለው ጀበና ቆሞ ሲታይ ሐሰት ነው።

ጎጆ ወጪ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግድግዳውን በማገር ልሠራው ወስኛለሁ። ፖሊመር ሸክላም ምድጃም የለኝም፤ ሌላ መንገድ አለ? መሶቡስ በዚህ መጠን ይሰፋል?

ባለ ሸክላ
አለ። ግማሽ ኩባያ የእንጨት ኮላ፣ ግማሽ ኩባያ የበቆሎ ስታርች፣ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ የሕፃን ዘይት፣ ያንኑ ያህል የሎሚ ጭማቂ። በለስላሳ እሳት ላይ ሳታቋርጪ አማስዪው፤ ከድስቱ ተላቆ አንድ ላይ ሲሰበሰብ አውርጂና ሳይቀዘቅዝ አሺው። በላስቲክ ካልተጠቀለለ ይደርቃል። ሲደርቅ ስለሚያንስ ከልኩ ትንሽ አተልቀሽ ቅረጪ፤ ውሃም ስለሚያሟሟው ቫርኒሽ ያስፈልገዋል። ሲኒው ውስጥ ቡናማ ቀለም አድርገሽ ላዩን ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም ብትነኪው የተቀዳ ቡና ይሆናል። ይህን ግን በፖሊመር ሸክላ ላይ አታድርጊ፤ የጥፍር ቀለሙ ሊያለሰልሰውና እጅ ላይ የሚጣበቅ ሊያደርገው ይችላል።

ስንደዶ
መሶቡ ይሰፋል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። 5 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ አፉ 4። በስንደዶ አትሞክሪው፤ ውስጡ ግማሽ ሚሊ የሚወፍር በሰም የተቀባ ክር ይሁን፣ መጠቅለያው የጥልፍ ክር። የጥልፍ ክር ስድስት ሆኖ ነው የሚሸጠው፤ ለያይተሽ በአንዱ ብቻ ስፊ። በሁለት ከሰፋሽ ዙሩ ይወፍርና ጥለቱ አይነበብም። እግሩን፣ ሆዱንና ክዳኑን ለየብቻ ሠርተሽ በኋላ አጋጥሚ። በየዙሩ ስፌት ካልጨመርሽ ዝርግ መሆኑ ቀርቶ ቶሎ ወደ ላይ ይነሣብሻል።

መብራቱ
ለከሰሉ ብርቱካንማ የሚርገበገብ ኤልኢዲ (ትንሽ የኤሌክትሪክ መብራት)። 3 ሚሊ የሆነው ለማንደጃ ልክ ነው፤ ለሌላ ቦታ ግን ትልቅ ነው። በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ከሆነ አንድ 330 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቀንስ ዕቃ) በተከታታይ አስገቢ። ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው። ሌላ ነጭ መብራት ለመጨመር ለእሱ የራሱን 470 ኦም ስጪው፤ ሁለቱን በአንድ ሬዚስተር ካያያዝሻቸው ብርቱካንማው ይበራል፣ ነጩ ጭልጭል ይላል ወይም ጭራሽ አይበራም። ወለሉን ከሥሩ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጊው፣ ሽቦው በዚያ ይሄዳል። ይህንን ከምርጉ በፊት ጨርሺ።

ኤልኢዲው ላይ አንድ ጠብታ ትኩስ ኮላ አንጠባጥቢ፤ ሳይቀዘቅዝ የእውነተኛ ከሰል ስባሪ፣ 2 ወይም 3 ሚሊ የሚያክል፣ እየተራራቀ ይጫንበት። ብርሃኑ በመሐሉ ይወጣል። ጥጥ ለጭስ የሚለጥፉ አሉ፤ ጥጥ ሆኖ ነው የሚቀረው።

ጎጆ ወጪ
የመጨረሻ ጥያቄ፦ የባርቢ ወንበርና አልጋ አለኝ፣ ቀለሙን ቀይሬ ላስገባው?

አናጢው
አይሆንም። የባርቢ ዕቃ 1:6 አካባቢ ነው፣ ከአንቺው እጥፍ ይሆናል፤ ጀበናሽ አጠገቡ ይጠፋል። ከውጭ የሚገዛ ከሆነ 1:12 የሚል እዪ፤ በዚህ ልኬት ብዙ ዕቃ ይሸጣል፣ አንድ ጫማ በአንድ ኢንች ስለሚሰላ ቀላል ነው። በዊንዘር ቤተ መንግሥት ያለው፣ በ1924 ያለቀው የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤትም በዚሁ ልኬት ነው የተሠራው። ለጎጆ ግን ዱካ ይሻልሻል፦ ቁመቱ 3 ሳንቲ ሜትር፣ መቀመጫው 2.5፣ ሦስት እግር። ከባልሳ እንጨት አትሥሪው፣ ጥፍር ሲነካው ይሰረጉዳል፤ የዋንዛ ቁራጭ ካገኘሽ እሱን ተጠቀሚ።