የብዕሬን ጫፍ መንቀል አቃተኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ወንድሜ የሰጠኝ ፓይለት ሜትሮፖሊታን የሚባል ቀለም የሚሞላ ብዕር ሴራሚክ ወለል ላይ በጫፉ ወደቀ። የብዕሩ ጫፍ መሃሉ ላይ ካለው ስንጥቅ በግራ በኩል ያለው ጥርስ ወደ ላይ ተነስቶ ወረቀት ይቧጭራል። በጣም ነው ያዘንኩት። ማስታወሻዬን ሁሉ የምጽፈው በሱ ነበር።

ካኩኖ የሚባል ሌላ የፓይለት ብዕርም አለኝ፣ ያ ጫፉ ላይ ፈገግ ያለ ፊት የተቀረጸበት። የሱ ጫፍ ለሜትሮፖሊታን እንደሚገጥም አውቃለሁ። ችግሬ መንቀሉ ነው። ብሎን የለውም፤ ተጠቅጥቆ ነው የገባው። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ አሳደርኩት፣ በጎማ ጓንት ይዤ ሳብኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ከሥሩ ያለው ቀለም አስተላላፊ ፕላስቲክ እንዳይሰበርብኝ ፈራሁ።

ጫፉንና ፕላስቲኩን አንድ ላይ ነው የምስበው? ቀጥ አድርጌ ወይስ እያዞርኩ? የሞከራችሁ ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።