ኪንታሮትን በላስቲክ ማሰር፦ ያሠራችሁ አላችሁ?

የሐዋሳው ሹፌር፦ ሰላም ለቤቱ። 41 ዓመቴ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ሰው አመላልሳለሁ። ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም ጠብ ጠብ ይላል፤ ሕመም ግን የለውም። አሁን አሁን ሳምጥ የምትወጣ እብጠት አለች፤ ስነሳ ራሷ ትመለሳለች። ሐኪሙ አይቶኝ «የውስጥ ኪንታሮት ነው፣ ሁለተኛ ደረጃ፤ በላስቲክ እናስረዋለን» አለኝ። ላስቲክ ሲል የብር መጠቅለያው ትዝ አለኝና ምንም ሳልጠይቀው ወጣሁ። ቀዶ ሕክምናን እፈራለሁ። ይኼኛውስ ያማል?

ታስሮ የተፈታ፦ ወንድሜ፣ አሠርቻለሁ። ማደንዘዣም አልወጉኝም። በጎኔ አስተኝተው ጉልበቴን ወደ ደረቴ አስጠጉኝ፤ አጭር ቱቦ ገባ፣ ቀጥሎ «ጠቅ» የሚል ድምፅ፣ አለቀ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰገራ የመጣብህ ይመስልሃል፣ ግን ምንም የለም። እንዳታምጥ! እኔን አንድ ቀን ተኩል ይዞኛል። በማግስቱ መሪ እንዳትይዝ፤ ይዤ ሞጆ ሳልደርስ ተጸጽቻለሁ።

ነርሷ፦ የሚታሰረው ሕመም የሚሰማው ነርቭ በሌለበት ላይ ስለሆነ ነው ብዙ የማያመው። ደም እንዳይደርሰው ሲታነቅ ይደርቅና ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ውስጥ ላስቲኩን ይዞ ይወድቃል። ያኔ ትንሽ ደም ብታይ አትደንግጥ። ደሙ ከበዛ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሽንት ከከለከለህ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ግን ሳታድር ሐኪም ጋ ሂድ። ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነም አስቀድመህ ንገራቸው። ለውጪው ኪንታሮት ማሰር አይሆንም፤ እዚያ ነርቩ ሕያው ነው። ትንንሽ ለሆኑት የሚያደርቅ መርፌም አለ።

ነርሷ፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዓመት ሙሉ ደም ፈሶሃልና የደም ማነስ ተመርመር። ክብደትህ ከቀነሰ፣ የሰገራህ ሁኔታ ከተለወጠ ወይም በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ካለ ስለ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት) ጠይቅ።

የልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ «ቀብተን እንነቅላለን» የሚሉት ጋ ብቻ እንዳትሄድ። የባለቤቴን ወንድም በቅጠል አቃጥለውት፣ ቁስሉ ሲሽር ፊንጢጣው ጠበበ፤ መጨረሻው የፈራው ቀዶ ሕክምና ሆነ።

ነርሷ፦ እውነቷን ነው። ደግሞ ቢታሰርም የሆድ ድርቀት ካለ ይመለሳል። ተልባ በጥብጠህ ጠጣ፣ ውሃ አብዛ፣ ስልክ ይዘህ ሽንት ቤት አትቀመጥ። መንገድ ላይ ሰገራህ ሲመጣም እስከ መናኸሪያ አትያዘው።

የሐዋሳው ሹፌር፦ ይኼ የመጨረሻው ለኔ ነው የተባለው፤ ዝዋይ ላይ መጥቶ ሐዋሳ ነው የምገላገለው። እሺ፣ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ። ዓርብንና ቅዳሜን ጓደኛዬ ይነዳልኛል። ላስቲኩ ግን ምን ያህላል?

ታስሮ የተፈታ፦ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር እኮ፣ የት አይቼው!