ለአነስተኛ የእንጨት ሥራ የትኛው የማለስለሻ ማሽን ይሻላል?

ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት ያለውን የመጨረሻ ማለስለስ ከእጅ ሥራ ወደ ማሽን ለማሸጋገር ለሚያስብ ሰው፣ በገበያችን ሳንደር እየተባሉ የሚሸጡ ሁለት ዓይነት ትንንሽ ማሽኖች አሉ። አንደኛው ከታች አራት ማዕዘን ገጽ ያለው ሲሆን፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ከፊትና ከኋላ ቆንጥጦ ይዞ እጅግ ጠባብ ክብ እየሠራ ይርገበገባል። ሁለተኛው ክብ ገጽ ያለው ነው፤ እየተርገበገበ በራሱ ዙሪያም ይሽከረከራል። አንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው ጥቆማዬ አራት ማዕዘኑ ነው፤ ዋናው ምክንያቴም ወረቀቱ ነው።

በሙሉ ቅጠል የሚሸጠው ብርጭቆ ወረቀት 230 በ280 ሚሊ ሜትር ነው። አራት ቦታ ሲቆረጥ እያንዳንዱ 115 በ140 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ለዚህ ማሽን ልክ ይመጣል፤ ስለዚህ ከሰፈር የቀለም መሸጫ በተገዛ አንድ ቅጠል አራት ጊዜ ይሠራበታል። ክቡ ማሽን ግን ጀርባው የሚጣበቅ 125 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይፈልጋል፤ የዲስኩ የአቧራ ቀዳዳዎችም ከማሽኑ ቀዳዳዎች ጋር መግጠም አለባቸው። ከመርካቶ ርቆ ለሚሠራ ሰው ይህን ዲስክ በሚፈልገው የሻካራነት ቁጥር ሁልጊዜ ማግኘት ከባድ ነው። በተጨማሪም የመሳቢያን፣ የበርንና የወንበርን ማዕዘን ክብ ነገር አይደርስበትም።

ይህን ስል የክቡን ብልጫ አልክድም። ሰፊ የጠረጴዛ ገጽን ፈጥኖ ይጨርሳል፣ የሚተወው ጭረትም ያነሰ ነው። ሥራው በአብዛኛው ጠረጴዛና ሰፊ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) የሆነ ባለሙያ ክቡን ቢመርጥ ተገቢ ነው።

ከአራት ማዕዘኖቹ ውስጥ የማኪታ ቢኦ 4556 ለዕለት ተዕለት ሥራ የምመርጠው ነው፤ 200 ዋት ይወስዳል፣ በደቂቃ 14,000 ጊዜ ይዞራል፣ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ብዙም ስለማይበልጥ በአንድ እጅ ይያዛል። ከክቦቹ ደግሞ የማኪታ ቢኦ 5031 እና የቦሽ ጂኢኤክስ 125-1 ኤኢ ተቀራራቢ ናቸው። እዚህ ላይ ገዢው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ በማኪታው መግለጫ ላይ ከፍተኛው ፍጥነት 12,000፣ በቦሹ ላይ ግን 24,000 ተብሎ ስለሚነበብ ሁለተኛው እጥፍ የሚፈጥን ይመስላል። ቦሽ አንዱን ዙር እንደ ሁለት ምት ስለሚቆጥር ነው እንጂ ሁለቱም በደቂቃ የሚዞሩት 12,000 ጊዜ ነው። ኢንግኮና ቶታል የሚባሉት ማሽኖች በዋጋ ይረክሳሉ፤ ለቤቱ መደርደሪያ ለሚሠራ ሰው በቂ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ወርክሾፕ ግን ከመግዛቱ በፊት የሞተሩ ካርቦን፣ ኩሽኔታና የታችኛው ገጽ ለብቻ ይሸጡ እንደሆነ ሻጩን ይጠይቅ፤ ከሌሉ ርካሹ ዋጋ አይጠቅመውም።

ከአሜሪካ ዘመድ እንዲያመጣላችሁ የምታስቡ፣ የዚያ አገር ማሽን ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት ይስማማል፤ ስፒናው ብቻ ባለ ሦስት ወፍራም እግር ስለሆነ መለወጥ ይኖርበታል።

በአሠራር ረገድ፣ ለዋንዛ የመላጊያ ምልክት ካልቀረበት በቀር ከ120 ቁጥር ወረቀት መጀመር፣ በ180 መቀጠልና ቢበዛ በ220 ማቆም ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማለስለስ የእንጨቱን ቀዳዳ ስለሚደፍን ቫርኒሹ በደንብ አይዝም። ማሽኑን መጫን አያስፈልግም፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል፤ ሲጫኑት ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቫርኒሽ ሲነካው ጎልቶ የሚወጣ ክብ ክብ ጭረትም ይተዋል። በግራይንደር (የብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽን) ላይ ወረቀት ገጥሞ የቤት ዕቃ ማለስለስ ደግሞ ፈጽሞ የማልመክረው ነው፤ እንጨቱን በየቦታው ይቦረቡረዋል።

አቧራውን ማንም ቀላል አድርጎ እንዳያየው አጥብቄ እለምናለሁ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራን በ1995 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል፤ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ የአቧራ ከረጢት ያለውን ማሽን ምረጡ፣ በአራት ማዕዘኑ ላይም ወረቀቱን መብሻው ሰሌዳ አብሮት መኖሩን አረጋግጡ፤ ወረቀቱ ካልተበሳ ከረጢቱ አቧራ አይሰበስብም። ከረጢቱ ደቃቁን አቧራ ሁሉ ስለማይዝ ኤፍኤፍፒ 2 የሚል ጭምብል አብራችሁ ግዙ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ በተለይ ከምን አለሽ ተራ ያገለገለ ስትገዙ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቁራጭ እንጨት ይዛችሁ ሂዱና ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ አሠሩት። ወረቀቱ ከመቆንጠጫው ከተንሸራተተ፣ ኩሽኔታው ከጮኸ ወይም ማሽኑ ከእንጨቱ ላይ ከዘለለ ሌላ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ።