የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራችን እንዳይበተን ምክር እሻለሁ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ጦሩ በ1983 ዓ.ም. ሲበተን ወደ ሰፈራችን የተመለሱ ወታደሮች ያቋቋሙት የመረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ያኔ ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ አርጅተዋል፤ ብዙዎቹ ዐርፈዋል፣ ሌሎቹም ቤታቸው ለልማት ፈርሶ ወደ ሩቅ ኮንዶሚኒየም ስለ ሄዱ ለወርኃዊው ስብሰባ መምጣት አልቻሉም። ለለቅሶው የሰፈር እድር አለ፤ እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ በናቅፋና በምጽዋ ግንባር የተዋጉ ሰዎች ለቤተሰባቸው እንኳ የማይነግሩትን እርስ በርስ የሚጨዋወቱበት ቦታ መጥፋቱ ነው።

ከፊሎቹ ከትልቁ እድር ጋር እንቀላቀል ሲሉ፣ ሌሎቹ ልጆቻችን አባል ይሁኑ ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ይሁን እንጂ መተዳደሪያ ደንባችን አባልነትን ለወታደር ብቻ ስለሚፈቅድና ደንቡን ለማሻሻል የሚያስፈልገው ምልዓተ ጉባኤ ስለማይሟላ መላው ጠፍቶኛል። በስልክ ወይም በውክልና የተሰጠ ድምፅ ተቀባይነት ይኖረዋል? ልጆችን ከተቀበልንስ እንደ እድር መቀጠል ይሻላል ወይስ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መመዝገብ? የሟች አባላት ባለቤቶች ድርሻም እንዲጠበቅ እፈልጋለሁ። ይህን የመሰለ ማኅበር ከመፍረስ ያተረፋችሁ ወይም ሕጉን የምታውቁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።