ቶዮታ ስለሆነ ብቻ አይገዛም

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሰላም ወገኖቼ። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። መጋዘን ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆኜ እሠራለሁ፤ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ስለማይገኝ መኪና የግድ ሆኖብኛል። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ቶዮታ ግዛ፣ ሌላውን ተወው» ይለኛል። ዋጋው ግን ከሌሎቹ ይወደዳል። አንድ የ2010 ፕሪየስና አንድ የ2008 ባለአራት ሲሊንደር ካምሪ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ከ150 ሺህ ማይል በላይ ሄደዋል። የክሬዲት ታሪክ የለኝም። በትርፍ ጊዜዬ ኡበር ልሠራበትም አስባለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ምላሽ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም መጣህ። እኔ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ታክሲ እየነዳሁ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ቶዮታ አብልቶኛል፤ ክፉ ስሙን አላነሣም። ነገር ግን «ቶዮታ ግዛ» ብሎ በደፈናው የሚመክርህን ሰው አትስማው። ከቶዮታ ሁሉ ችግር ያለባቸውን መርጣችሁ አምጡ ቢባል አንተ ያየሃቸው ሁለቱ ከፊት ይሰለፋሉ።

እስቲ ይህ እምነት ከየት እንደመጣ አስበው። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነው። ዲኤክስ ኮሮላ ውስጥ ያልተሳፈረ፣ በዶልፊን ሚኒባስ ያልተጨናነቀ፣ ገጠር ደርሶ የላንድክሩዘር አቧራ ያልቃመ የእኛ ትውልድ ሰው የለም። ቶዮታ እዚያ የነገሠው ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ፈትቶ ይገጥመዋል፤ ዛሬ ገዝተህ ከዓመታት በኋላ ብትሸጠው ዋጋው አይወርድም፣ እንዲያውም ይጨምራል። እዚህ እነዚህ ምክንያቶች አይሠሩም። የሆንዳውም የማዝዳውም ዕቃ በማግሥቱ ይመጣልሃል፤ መኪናም እንደማንኛውም ዕቃ ባገለገለ ቁጥር ይረክሳል። እኛ ግን ያንኑ የአዲስ አበባ ስሌት ይዘን ለስሙ ተጨማሪ ገንዘብ እንከፍላለን። ሻጮቹም ይህንን ጠንቅቀው ያውቁታል።

የኩባንያው ታሪክ ራሱ መልካም ስሙ ከመኪናው ቀድሞ እንዳልተወለደ ያሳያል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አጀማመራቸው ሽመና ነው። የአናጢ ልጅ የነበረው ሳኪቺ ቶዮዳ ክር ሲበጠስ በራሱ የሚቆም የሽመና ማሽን ሠራ፤ በ1929 የፈጠራ መብቱ ለአንድ የእንግሊዝ ድርጅት በ100 ሺህ ፓውንድ ተሸጠ። ልጁ ኪይቺሮ በ1933 በሽመናው ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ፤ የመኪናው ኩባንያ በ1937 ራሱን ችሎ ቆመ። ያቺ ክር ሲበጠስ የመቆም ሐሳብ ዛሬም በፋብሪካቸው አለች፤ ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ ወይም ቁልፍ ተጭኖ ሥራውን ማስቆም ይችላል።

በ1950 ኩባንያው ሊከስር ጫፍ ደርሶ ነበር። ሠራተኛ ሲቀነስ አድማ ተመታ፤ ኪይቺሮም ሥልጣኑን ለቀቀ። ያዳናቸው የኮሪያ ጦርነት ነው፤ የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና አዘዛቸው። የእኛው ቃኘው ሻለቃ የዘመተበት ጦርነት መሆኑ ነው እንግዲህ።

እዚህ አገር ሲገቡስ? በ1957 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢሮ ከፈቱ፤ በ1958 የሸጡት 287 ቶዮፔት ክራውንና አንድ ላንድክሩዘር ብቻ ነበር። ክራውኗ ለጃፓን ጠባብና ዝግተኛ መንገድ የተሠራች ስለነበረች የአሜሪካን አውራ ጎዳና አልቻለችም፤ ሞተሯ እየጋለ፣ አቅም እያጣች አሳፈረቻቸው። ሽያጯን አቁመው በላንድክሩዘር ብቻ ጥቂት ዓመታት ገፉ፤ ያገገሙት በ1965 ኮሮና የምትባለው መኪናቸው ስትመጣ ነው። በ1966 ኮሮላ ጃፓን ውስጥ ተወለደች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቀዋለህ። ስማቸው የተገነባው እንዲህ እየወደቁ እያረሙ ነው፤ ስለዚህ ያረሙትን ዓመት ግዛ እንጂ የወደቁበትን አትግዛ።

አሁን ወደ አንተ ሁለት መኪናዎች ልምጣ።

የ2010 ፕሪየስ የሦስተኛው ትውልድ የመጀመሪያ ዓመት ናት። በነዳጅም በኤሌክትሪክም የምትሠራ (ሃይብሪድ) ስለሆነች ነዳጅ ትቆጥባለች፤ በከተማ መጨናነቅ ውስጥ የሚያህላት የለም። ችግሩ ከጭስ የሚመለሰውን አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መስመር በጥላሸት ይደፈናል፤ ከዚያ ሙቀቱ ይበረታና የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ማሸጊያ ጋስኬት ይበላሻል፤ የራዲያተሩ ውኃም ወደ ሲሊንደር ይሰርጋል። የማወቂያው መንገድ ይህ ነው። ባለቤቱ መኪናዋን እንዳያስነሣ ለምነው፤ አንተ በማለዳ ድረስና በቀዝቃዛው አስነሣት። ፕሪየስ ቁልፉን ስትጫን ሞተሯ ወዲያው ላይነሣ ይችላል፤ ትንሽ ጠብቃት። ሲነሣ ልክ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጥቅጣ፣ አካሏን አንዘፍዝፋ ከዚያ ቀስ ብላ ጸጥ ካለች ደኅና ሁኚ በላት። የውኃ ማጠራቀሚያዋንም እይ፤ ከምልክቱ በታች ወርዶ «ትናንት ሞልቼው ነበር» የሚል ካለ ነገሩ አብቅቷል።

ባትሪዋንም አትርሳ። ከኋላ ወንበር በስተቀኝ፣ ከጎን በኩል የአየር መሳቢያ ፍርግርግ አለ፤ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው በዚያ ነው። ጣትህን አስገባና ጥረግ። የውሻ ፀጉርና ድፍን አቧራ ከወጣ ያ ባትሪ ለዓመታት ታፍኖ ኖሯል ማለት ነው። ባትሪው 28 ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ሲሞት የሞተውን ብቻ ቀይሮ የሚሰጥ መካኒክ አታጣም። ርካሽ ነው፤ ግን ሌሎቹም እኩዮቹ ስለሆኑ ተከታትለው ይሄዳሉ። ለሥራ የሚሆን ጥገና አይደለም።

ከ2004 እስከ 2009 ያለችው የቀድሞዋ ፕሪየስ ሞተሯ የተሻለ ነው። እሷን የሚወዳት ግን ሌባም ጭምር ነው። ከሥሯ ያለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር (ጭስ ማጣሪያው) ውስጥ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ብረቶች ስላሉ ውጭ ካሳደርካት በደቂቃዎች ውስጥ በመጋዝ ቆርጠው ይወስዱታል፤ ጠዋት ስታስነሣት እንደ ትራክተር ታጓራለች። ከብረት የተሠራ መከላከያ ማስገጠም ዋጋ አለው።

የ2008 ካምሪ ባለአራት ሲሊንደር ከሆነች ዘይት ትጠጣለች። ከ2007 እስከ 2009 የተሠሩት ባለ2.4 ሊትሮቹ የፒስተን ቀለበታቸው ችግር ነበረበት፤ ኩባንያው ራሱ አምኖ ለተወሰነ ጊዜ በነፃ ሲጠግን ቆይቶ ጊዜው አልፏል። ከ2010 ጀምሮ ግን በ2.5 ሊትር ሞተር ተክተውታል። ስለዚህ ካምሪ ካማረህ ሁለት ዓመት ብቻ ወደዚህ ና። ለአንተ አቅም እኔ የምመርጥልህ ከ2010 እስከ 2016 ያለች ተራ ኮሮላ ናት። የምታጓጓ አይደለችም፤ ወንበሯም እንደ አግዳሚ ነው፤ ግን የሌሊት ሥራ አታስቀርህም።

ዝገትንም ተጠንቀቅ። በክረምት ጨው ከሚበተንባቸው ግዛቶች የምትመጣ መኪና ላይዋ ሙሽራ ሆና ሥሯ በስብሶ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ከአንድ ያገለገለ መኪና ሻጭ ዘንድ፣ ስሙ ይቅር፣ ቶዮታ ፒክአፕ ልገዛ ሄጄ ሥሯን ስመለከት ጥቁር ቀለም አዲስ ተቀብታለች። በያዝሁት ቁልፍ ሻንሲዋን መታ መታ ሳደርገው ቀለሙ ተላጦ የብረት ቅርፊት መዳፌ ላይ ረገፈ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም፤ ስልኩን መነካካት ቀጠለ።

ኡበርን በተመለከተ፣ የመኪናውን ዕድሜ ገደብ ሳታጣራ አትግዛ። ተራ የግል ኢንሹራንስም ሰው ጭነህ ስትሠራ ብዙውን ጊዜ አይከፍልም፤ ለኢንሹራንስህ ቀድመህ ተናገር።

ምላሽ፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ

ጋሼ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘብ አንሶህ ወደ አሮጌ ኮሮላ እንዳትወርድ ወንድሜ። በጥር 2024 ቶዮታ የ2003 እና የ2004 ኮሮላና ማትሪክስ፣ የ2004 እና የ2005 ራቭ ፎር ባለቤቶችን «የአየር ከረጢቱ እስኪቀየር ድረስ አትንዷቸው» ብሎ አስጠንቅቋል፤ አሜሪካ ውስጥ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ መኪናዎች ናቸው። ታካታ የሚባለው ድርጅት የሠራው ከረጢት ሲፈነዳ ብረት ወደ ሰው ፊት ስለሚወረውር ነው። ቅያሬው በነፃ ነው። ግን እኛ ከሰው ወደ ሰው፣ በጥሬ ገንዘብ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ስለምንሻሻጥ የጥሪው (መኪናው ተመልሶ እንዲጠገን የሚያሳስበው) ደብዳቤ ለቀድሞው ባለቤት ይላካል። የመኪናውን 17 ፊደልና አሃዝ ያለውን መለያ ቁጥር በፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገባ፤ ያልተሠራ ጥሪ ካለ ወዲያው ይነግርሃል።

ክሬዲት የለኝም ላልኸው፣ «ክሬዲት አንጠይቅም» የሚሉት ሻጮች ወለዳቸው ያጠፋሃል። እኔ የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት በእቁብ ነው። ዳኛው ተራዬን አስቀድሞ ሰጠኝ። አንተም ጋ የሚታመን ሰብሳቢ ያለው እቁብ ፈልግ።

ምላሽ፣ ከዱባይ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፤ «እዚህ ገዝቼ በኋላ ወደ አገር ቤት እልካለሁ» ብላችሁ ቶዮታ የምትመርጡ ካላችሁ ያ በር ተዘግቷል። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። አሁን የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው። የቶዮታ ኤሌክትሪክ ቢዜድ ፎር ኤክስም በ2022 ገና ገበያ እንደወጣች የጎማ ማሠሪያ ብሎኖቿ ሊላሉ ይችላሉ ተብላ ተጠርታለች። በኋላ ተስተካክሏል፤ ያው ጋሼ እንዳሉት ዓመቱን ማየት ነው።

እዚህ ባሕረ ሰላጤ ያላችሁ ደግሞ ከአሜሪካ ተጋጭታ ኢንሹራንስ ከጥቅም ውጭ ናት ብሎ የጣላት፣ እዚህ ተቀጥቅጣና ተቀብታ የምትሸጥ ቶዮታ ብዙ መሆኗን እወቁ። ለባሕረ ሰላጤ ሙቀት ተብላ ከተሠራችው በዋጋ በጣም ትወርዳለች፤ የምትወርደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፕሪየሷን ትቻታለሁ፤ የካምሪው ባለቤት የዘይቱን ነገር ስጠይቀው ስልኩን ዘጋብኝ። ቅዳሜ ጠዋት የ2013 ኮሮላ ለማየት ቀጠሮ ይዣለሁ። መለያ ቁጥሯን አስገብቼ አየሁት፤ የቀረ ጥሪ የለባትም።

ምላሽ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጎበዝ። መካኒክ ይዘህ ሂድ፤ ብር ተከፍሎትም ቢሆን ያዋጣል። ስትደርስ ከሁሉ በፊት ኮፈኑን በእጅህ ዳስሰው። ሞቆ ከጠበቀህ «መቼ ነው ያስነሣሃት?» ብለህ ጠይቀው። «አሁን ከነዳጅ ማደያ መጣሁ» ካለህ እሑድ ጠዋት እመለሳለሁ በለውና ሂድ፤ በቀዝቃዛው ሳትሰማት ግን ሰባራ ዶላር እንዳትከፍል።