የጋሪ ፈረስ ጠጉር ቢሸለት ይበረታል?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ መስመር የሚሠራ የጋሪ ፈረስ ነው። ጠጉሩ ረዝሞ በትንሽ ሥራ በላብ ይጠመቃል፣ እርጥብ ሆኖም ያድራል። ሙሉውን ብንሸልተውስ?

መልስ 1፦ ሽለታ ጉልበት አይጨምርም፤ ሙቀቱ ቶሎ ስለሚወጣለት ግን ድካሙ ይቀንሳል። ሙሉውን አይሆንም። የአንገቱን ሥር፣ ደረቱንና ሆዱን ብቻ ሸልቱ፤ ጀርባውና እግሩ ይቅር። አስቀድሞ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፣ ቆሻሻ የመሸለቻ ማሽኑን ምላጭ ያደነዝዛል። ምላጩን ቶሎ ቶሎ እያጠፋችሁ በእጅ ዳስሱ፤ ከጋለ ቆዳ ያቃጥላል፣ ፈረሱም ሁለተኛ አያስጠጋችሁም።

መልስ 2፦ የታኅሣሥን ሌሊት አትርሱ። የተሸለተ ፈረስ የበላውን ገላውን ለማሞቅ ስለሚያውለው ይከሳል። ድርቆሽ ጨምሩለት፤ ከገብስ ይልቅ ሲብላላ የሚያሞቀው እሱ ነው። የጋሪው ጠፍር የሚያርፍበትን አትንኩ፣ ይላጣል።

ጥያቄ፦ ለሌሊቱ ብርድ የሚለብሰው ከሌለስ?

መልስ 1፦ እንግዲያው ሽለታው ይቅር። ላቡን በደረቅ ጆንያ አሽታችሁ፣ ቀስ እያራመዳችሁ አድርቁት። ሙቀቱ ሲገባም ጠጉሩ ካልረገፈ ግን የእንስሳት ሐኪም ይየው።