ጥቆማ፦ መኪናዬን ከፍራንክፈርት ወደ ለንደን ይዣት ልሂድ ወይስ ልሽጣት?

ሰላም ወገኖች። ባለቤቴ ሥራ አግኝቶ ቀድሞኝ ለንደን ገብቷል። እኔና ልጆቹ ነሐሴ ላይ እንከተለዋለን። እዚህ ፍራንክፈርት የምነዳት የ2014 ጎልፍ አለችኝ። ቤንዚን ናት፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ አቁማኝ አታውቅም። ልሽጣት ወይስ ይዣት ልግባ? በባቡር፣ በመርከብ ወይስ በጭነት? ኢንሹራንሱስ እንዴት ነው? ያለፋችሁበት ጠቁሙኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ እኔ የ2017 ፓሳት ከኮሎኝ ይዤ ገብቻለሁ። ይዘሻት ነይ ባይ ነኝ። ግን ከመነሳትሽ በፊት አንድ ወረቀት ጨርሺ። ትራንስፈር ኦፍ ረዚደንስ ይሉታል፤ ለእንግሊዝ ግብር መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት የሚቀርብ ማመልከቻ ነው። መኪናዋን ቢያንስ 6 ወር ይዘሽ ከነዳሻት፣ አንቺም 12 ወር በተከታታይ ከብሪታንያ ውጭ ከኖርሽ ቀረጥም ቫትም አትከፍዪም። ይህ ፈቃድ ከሌለሽ ቫቱ ብቻ 20 በመቶ ነው፤ እላዩ ላይ እስከ 10 በመቶ ቀረጥ ሊመጣ ይችላል። በምትኩ ለ12 ወር መሸጥ የለም፣ ማከራየት የለም፣ ለወንድምሽም ቢሆን ማዋስ የለም።

ከገባሽ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ኖቫ የሚባለውን፣ መኪናዋ መግባቷን ለግብር መሥሪያ ቤቱ የምታሳውቂበትን ቅጽ ሙዪ። እሱ ካልተሞላ ታርጋ አይሰጥም።

መሻገሪያውን በተመለከተ፣ ባቡሩ ከካሌ ፎክስተን 35 ደቂቃ ነው። መኪናሽ ውስጥ እንደተቀመጥሽ ትሻገሪያለሽ። ከካሌ ዶቨር ያለው መርከብ 90 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ልጆቹ ግን ወርደው ይላወሳሉ። እኔ የምወደው ሦስተኛውን ነው፤ ከሆላንድ ሁክ ወደ ሃሪች የሚሄደውን የሌሊት መርከብ። ካቢን ይዘሽ ትተኛለሽ፣ ሲነጋ እንግሊዝ ነሽ። ከፍራንክፈርትም ሲታይ ከካሌ ይልቅ ይቀርብሻል። በጭነት ማስላኩን ተዪው። የምትነሳ መኪና በሌላ መኪና ማስጫን ለእኔ ገንዘብ መበተን ነው።

አሁን ወደ መብራቱ። የአውሮፓ መኪና የፊት መብራቱ ወደ ቀኝ ጋደል ብሎ ነው የሚያበራው። እዚህ በግራ ስትነጂ ከፊትሽ የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። መርከቡ ላይ የሚሸጠው፣ መብራቱ ላይ የሚለጠፈው ስቲከር ለጎብኚ ይበቃል። እኔ በሱ ክረምቱን ልገፋ ብዬ ነበር፤ በሁለተኛው እጥበት አንዱ ተላጠ። አዳዲስ መኪኖች ላይ ከዳሽቦርዱ ይስተካከላል፤ ያንቺ አሮጌ አምፖል ካላት ግን መብራቱን ራሱ ማስቀየር ይሻላል። ፍጥነቱም በማይል መነበብ አለበት። የኋላ ጭጋግ መብራት ደግሞ በቀኝ ወይም መሃል ይሁን ይላሉ። የጀርመን መኪና ብዙ ጊዜ ግራ ብቻ ነው ያለው። እኔን አንድ ጋራዥ «የግማሽ ቀን ሥራ ነው» ብሎ ተቀብሎኝ ሳምንት አስቀመጠኝ፤ የተቀየረው አንድ የመብራት ቤትና ሁለት ሽቦ ነው። ዋጋውን ሳታስጽፊ ቁልፍ አትስጪ።

ሌላ መልስ፦
ከላይ ያለው ወንድሜ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ያንቺዋ ከ10 ዓመት ስላለፈች እሱ ፓሳቷን ይዞ የተንከራተተበት የአይነት ማረጋገጫ (መኪናዋ የእንግሊዝን መመዘኛ ማሟላቷን የሚመሰክር ወረቀት) አይመለከትሽም። ትልቅ እፎይታ ነው። የዓመት ምርመራው ግን አለ፤ ኤምኦቲ ይሉታል፣ የኛ ቦሎ በዪው። ታርጋ ሳይወጣላት በሻንሲ ቁጥር ይመረምሩልሻል።

ኢንሹራንሱ ላይ በኢንተርኔት ዋጋ የሚያወዳድሩት ድረ ገጾች ብዙ አልጠቀሙኝም። መጀመሪያ የሚጠይቁት የእንግሊዝ ታርጋ ነው። ስልክ ደውለሽ በሻንሲ ቁጥር የሚያስገባ ብሮከር ፈልጊ፤ መሪዋ በግራ መሆኑን ከመጀመሪያው ንገሪው። ከጀርመኑ ኢንሹራንስሽ ያለ አደጋ የነዳሽበትን ዓመታት የሚገልጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አስጽፊ። እኔ ጋ ዋጋውን ያወረደው እሱ ደብዳቤ ነው።

ለታርጋው ቪ55/5 የሚባለውን ቅጽ ሞልተሽ ከ55 ፓውንድ ጋር ለመኪና መዝጋቢው መሥሪያ ቤት፣ ለዲቪኤልኤ፣ ትልኪያለሽ። የጀርመኑን ሊብሬ ዋናውን ነው የሚፈልጉት። ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ሁሉንም ገጽ ኮፒ አድርጊ።

ዩሌዝን አትርሺ፤ ጭሳቸው የሚበክል መኪኖች ሲነዱበት የሚከፍሉበት የለንደን ክልል ነው። ከነሐሴ 2023 ወዲህ መላው ለንደን ውስጥ ነው፤ ደረጃውን የማያሟላ መኪና በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል። ቤንዚን ከሆነች ዩሮ 4 የሚባለው የጭስ ደረጃ ይበቃል፣ ያንቺ ታልፋለች። ናፍጣ ብትሆን ዩሮ 6 ነበር የሚጠይቁሽ፤ ያኔ «ሽጫት» ነበር የምልሽ። ግን በጀርመን ታርጋ እያለሽ ካሜራው ስለማያውቅሽ ቀድመሽ በኢንተርኔት አስመዝግቢያት።

የፓርኪንግ ትኬት ማሽኑ ሁሉ በቀኝ በኩል ነው። ብቻሽን ስትሆኚ ወርደሽ፣ ዞረሽ፣ ትኬት ቆርጠሽ ነው የምትመለሺው። ከኋላሽ ያለው ጥሩምባውን ይነፋል። ይለመዳል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ወርጄ አየኋት፤ ጭጋግ መብራቷ ግራ ብቻ ነው የሚበራው። ቀኙን ከዚሁ ገዝቼ ልምጣ?

የመጀመሪያው መላሽ፦
አትግዢ! እዛ የምታገኚው ያው የግራውን ነው። የእንግሊዙን እዚህ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡት ታገኛለሽ። የሻንሲ ቁጥሯን ብቻ ይዘሽ ነይ።